መኪና እንከራይ ወይስ በባቡር እንሂድ? የቤተሰብ ሽርሽርና የሾፌሩ አባት እረፍት

“ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ይላል ያገራችን ሰው። ሰኔ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እኛ በሲያትልና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ይዘን ወደ ካሊፎርኒያ ወይም ወደ ፍሎሪዳ የመዝናኛ ፓርኮች ለመሄድ ስንነሳ፣ የአውሮፕላን ቲኬት በቆረጥን ማግስት ሳንመካከር የምናደርገው ነገር ቢኖር መኪና መከራየት ነው። ለምን? ተብለን ብንጠየቅ መልሳችን “ታዲያ ያለ መኪና እንዴት ይሆናል?” የሚል ነው። ይህ እንግዲህ ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እንጂ መልስ አይደለም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከምር እንደ ጥያቄ ወስጄ፣ በእርግጥ ያለ መኪና እንዴት ይሆናል? የት ይሆናል? የትስ አይሆንም? የሚለውን ከአንባቢያን ጋር ለመመርመር እፈልጋለሁ።

ጉዳዩ ተራ ሊመስል ይችላል። አገር በብዙ ነገር በተወጠረችበት ጊዜ ስለ ሽርሽር መጻፍ ቅንጦት ነው የሚለኝም አይጠፋ ይሆናል። ይሁንና በዓመት አንዴ የምናገኛት የአምስትና የስድስት ቀን እረፍት፣ ብዙዎቻችን ከልጆቻችን ጋር ሙሉ ቀን የምንውልባት ብቸኛ ጊዜ ናት። እርሷን እንዴት እንደምናጠፋት ማሰብ ደግሞ ከቅንጦት የሚቆጠር አይመስለኝም። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።)

ከማውንት ቤከር ሲነሱ

ማውንት ቤከር ሲባል ከዋሽንግተን ስቴት ሰሜን በኩል ያለውን በረዶ ለባሽ ተራራ የሚያስብ አንባቢ ይኖራል። እኔ የምለው ስሙን ከዚያው ተራራ የወረሰውን፣ በሬይኒየር ጎዳና ላይ የሚገኘውን የሲያትል ሰፈር ነው። ከዚህ ሰፈር ጀምሮ ወደ ደቡብ፣ በሬይኒየር ሸለቆ ርዝመት፣ የሐበሻ ምግብ ቤቱም፣ የእንጀራ መሸጫውም፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱም እንደሚገኝ የሲያትል ነዋሪ ያውቀዋል።

ሐምሌ 18 ቀን 2009 የቀላል ባቡሩ መስመር ሥራ ሲጀምር፣ ከፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የማውንት ቤከር ጣቢያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 19 ቀን ባቡሩ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ገባ። ዛሬ ከማውንት ቤከር ተነስቶ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ከ2024 ነሐሴ ማብቂያ ወዲህ ዋጋው ርቀት ሳይለይ ለአንድ አዋቂ 3 ዶላር ሆኗል። ከ2022 መስከረም ጀምሮ ደግሞ 18 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ። እንግዲህ አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች ደርሶ መልስ 12 ዶላር ከፍለው ተጉዘው ይመለሳሉ ማለት ነው። መኪናቸውን ይዘው ሄደው አምስት ቀን ቢያቆሙት የሚከፍሉትን የሲታክን ማቆሚያ ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ልዩነቱን ራሱ ያሰላዋል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ግን ሻንጣ ጭነን በመኪና ነው የምንሄደው። ወይም በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ወንድማችንን ከእንቅልፉ ቀስቅሰን “እባክህ አድርሰን” እንለዋለን። በእርግጥ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም። በረራው ንጋት ላይ ከሆነ የሰው እርዳታ ወይም ታክሲ ያስፈልጋል። በረራው ከረፋዱ በኋላ ከሆነ ግን ምክንያታችን ምንድን ነው? ከልማድ ሌላ ምክንያት ያለን አይመስለኝም።

መኪናው ስንት ሰዓት ይሠራል?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። ከሲያትል የሚነሳ ቤተሰብ በብዛት የሚሄደው አናሃይም፣ ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ዲዝኒላንድ ስለሆነ እርሱን ለምሳሌ እንውሰድ።

ዲዝኒላንድ የተከፈተው ሐምሌ 17 ቀን 1955 ነው። ዋልት ዲዝኒ የብርቱካን እርሻ የነበረውን ያን ቦታ የመረጠው በአጋጣሚ አልነበረም። ያስጠናው ጥናት፣ በዚያን ጊዜ እየተሠራ የነበረው የሳንታ አና ፍሪዌይ በዚያ እንደሚያልፍና ሕዝቡ በመኪና እንደሚመጣ ስላመለከተው ነው። ስለዚህ ፓርኩ የፍሪዌይ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የሚገርመው ግን በር ውስጥ ከገቡ በኋላ ያለው ዓለም ነው። ውስጡ በእግር የሚዞሩበት፣ በባቡር የሚሳፈሩበት፣ ከ1959 ጀምሮ ሞኖሬይል የሚሄድበት መንደር ነው። መኪና ያለው ኦቶፒያ በሚባለው መጫወቻ ነው፤ እርሱንም ልጆች ተሰልፈው ይነዱታል። ሕዝቡ መኪና በሌለበት ከተማ ውስጥ በእግሩ ለመዘዋወር ሲል በመኪና ይጓዛል፤ ለዚያውም ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። ይህን ነገር ያስተዋለ ሰው መኪናውን ከፓርኩ በር ይልቅ ሲያትል ላይ ቢተወው ምን ይጎድልበታል?

በ2001 የተከፈተው ሁለተኛው ፓርክ፣ ካሊፎርኒያ አድቬንቸር፣ ከዲዝኒላንድ በር ፊት ለፊት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አደባባዩን መሻገር ብቻ ይበቃል። በሃርቦር ጎዳና ላይ የተደረደሩት ሆቴሎች ደግሞ አብዛኞቹ ከፓርኩ በር የአሥርና የአሥራ አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ናቸው። ስለዚህ በዚያ ጎዳና ላይ ያደረ ቤተሰብ መኪና ቢከራይ፣ መኪናው በአምስቱ ቀን ውስጥ ስንት ሰዓት ይንቀሳቀሳል? እንቁጠር። ከሳንታ አና አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል ግማሽ ሰዓት፤ ሲመለሱ ግማሽ ሰዓት፤ ሎስ አንጀለስ ያሉ ዘመዶችን ለመጠየቅ ከነመንገዱ መጨናነቅ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት፤ ለልዩ ልዩ ጉዳይ አንድ ሰዓት። ጠቅላላው አምስት ሰዓት ነው። አምስት ቀን 120 ሰዓት ነው። መኪናው 115 ሰዓት ቆሞ ይውላል፣ ቆሞ ያድራል። እኛም ለቆመበት እንከፍላለን፤ በአንድ በኩል ለአከራዩ፣ በሌላ በኩል ለሆቴሉ ማቆሚያ።

ነገሩን በገንዘብ ለማየት ያህል የሚከተለውን ስሌት እንመልከት። ቁጥሮቹ እኔ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንባቢው በሚጓዝበት ቀን ባለው ዋጋ ይተካቸው። ኪራዩ በቀን 70 ዶላር ቢሆን ለአምስት ቀን 350፤ ታክስና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ 80፤ የሆቴል ማቆሚያ ለአራት ሌሊት በ25 ሂሳብ 100፤ ቤንዚን 30፤ ድምር 560 ዶላር። ኢንሹራንስ ከአከራዩ ከተገዛ በቀን 30 ሂሳብ 150 ይጨመርና 710 ይሆናል። በሌላ በኩል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆቴል ድረስ በታክሲ ወይም በኡበር ሁለት ጊዜ በ60 ሂሳብ 120፤ ዘመድ ለሚጠየቅበት አንድ ቀን ብቻ መኪና ከነታክሱና ከነቤንዚኑ 110፤ ድምር 230 ዶላር። ኢንሹራንሱ ቢጨመር 260። ልዩነቱ ከ330 እስከ 450 ዶላር ነው። ይህ ገንዘብ ቤተሰቡን አንድ ሌሊት የሚያሳድር ወይም አዲስ አበባ ላሉ እናት የሚላክ ገንዘብ ነው።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ላይ ነው። “መኪና ወይስ አውቶቡስ?” ብለን አንዱን ለጉዞው ሁሉ መምረጥ የለብንም። መኪና የሚያስፈልገው ለጉዞው ሳይሆን ለቀኑ ነው። የትኛው ቀን መኪና እንደሚፈልግ ለይቶ ለዚያ ቀን መከራየት፣ የቀረውን በእግር፣ በባቡርና በአውቶቡስ መጨረስ ይቻላል። በከተማ ውስጥ ያሉ የአከራይ ቢሮዎች የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ ስለማይጨምሩ ብዙ ጊዜ ይረክሳሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ እሑድ ይዘጋሉ ወይም ቶሎ ይዘጋሉ። ቅዳሴ ሰምቶ ከሰዓት ዘመድ ሊጠይቅ የሚያስብ ሰው መኪናውን ቅዳሜ መያዝ ይኖርበታል።

አውሮፕላን የማይወድ ወይም ልጆቹን አገር ማሳየት የሚፈልግ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ከማውንት ቤከር በቀላል ባቡር ኢንተርናሽናል ዲስትሪክት ይወርዳል፤ ከኪንግ ስትሪት ጣቢያ ኮስት ስታርላይት የተባለውን የአምትራክ ባቡር ይሳፈራል። ጠዋት ተነስቶ በማግስቱ ምሽት ሎስ አንጀለስ ይገባል፤ ጉዞው 35 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በፓሲፊክ ሰርፍላይነር ወይም በሜትሮሊንክ ፉለርተን ድረስ መሄድ፣ ከፉለርተን በሃርቦር ጎዳና የሚያልፈውን 43 ቁጥር አውቶቡስ መያዝ ይቻላል። ባቡሩ ማታ ስለሚደርስ፣ ሕፃን የያዘ ሰው ያን ሌሊት እዚያው ሎስ አንጀለስ ማደሩ ይሻለዋል። ይህ መንገድ ጊዜ ላለው እንጂ ለሁሉም አይደለም። የድሬዳዋን ባቡር ለሚያስታውስ ሰው ግን በመስኮት ውጭውን እያዩ ምግብ እየተካፈሉ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

በዋጋ ዝርዝሩ ላይ የማይታየው

“ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል። የኪራይ ውል የሚፈርም ሰው ይህን ተረት ቢያስብ መልካም ነው። በኢንተርኔት ላይ የሚታየው የቀን ዋጋ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጡትን ላስታውስ።

አንደኛ፣ ኢንሹራንስ ነው። አከራዩ ጠረጴዛ ላይ የሚሸጠው መኪናው ቢጎዳ ከተጠያቂነት የሚያድን ሽፋን ነው። የግል መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ ወደ ኪራይ መኪና ይተላለፋል። አንዳንድ የክሬዲት ካርዶችም የተረፈውን ይሸፍናሉ። ነገር ግን ከእኛ መካከል ብዙዎች ያላቸው አንድ መኪና ነው፤ እርሱም ታክሲ ወይም ሊሙዚን ሆኖ በንግድ ኢንሹራንስ የተመዘገበ ነው። የንግድ ሽፋን ለግል ሽርሽር በተከራዩት መኪና ላይ ላይሠራ ስለሚችል፣ ከመሄድ በፊት ለኢንሹራንሱ ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ የማውቀው አንድ የታክሲ ባለቤት ይህን የተረዳው፣ መኪናውን ሲመልስ በበሩ ላይ ጭረት ተገኝቶበት ደረሰኝ ቤቱ ድረስ ሲመጣለት ነበር። መኪናውን ሲረከቡ ዙሪያውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ሁለት ደቂቃ የማይወስድ መድኃኒት ነው።

ሁለተኛ፣ የልጆች መቀመጫ ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ ቁመቱ 4 ጫማ ከ9 ኢንች ካልሞላ በስተቀር፣ በኋላ ወንበር በካር ሲት ወይም በቡስተር መቀመጥ አለበት። በእኛ ስቴት ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ መለኪያው ቁመቱ ራሱ ሆኗል። አከራዮች መቀመጫውን በቀን ሂሳብ ያከራያሉ፤ ሁለትና ሦስት ልጅ ላለው ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። አየር መንገዶች የልጅ መቀመጫ በነፃ ስለሚጭኑ ከቤት ይዞ መሄድ ይሻላል። በኡበር የሚሄድም ሰው ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በከተማ አውቶቡስና በባቡር ግን ይህ ሁሉ የለም፤ ልጁን አቅፎ ወይም አጠገብ አስቀምጦ መሄድ ነው።

ሦስተኛ፣ የሾፌሩ ዕድሜና የካርዱ ጉዳይ ነው። ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ ነጂ በየቀኑ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቃል። ትልቁ ልጄ ይንዳልኝ ብሎ ያሰበ አባት ይህን ይወቅ። በዴቢት ካርድ የሚከራይ ሰው ደግሞ ከኪራዩ በላይ የሆነ ገንዘብ ለቀናት ሊታገድበት ይችላል። ለሽርሽሩ ያጠራቀመው ገንዘብ በዚያ ካርድ ላይ ከሆነ ችግሩ ግልጽ ነው።

አራተኛ፣ በፓርኩ በር ላይ የሚከፈል የማቆሚያ ዋጋ ነው። ዲዝኒላንድ በ2023 የቀኑን ማቆሚያ ከ30 ወደ 35 ዶላር ከፍ አድርጎታል፤ ይህ ዓይነቱ ዋጋ ደግሞ ወጥቶ ሲወርድ አላየንም። በሆቴልም፣ በፓርክም ማቆሚያ የሚከፍል ቤተሰብ አንዱን መኪና በቀን ሁለት ጊዜ ያሳድረዋል ማለት ነው።

ሁሉም ፓርክ አንድ አይደለም

እዚህ ላይ አንባቢ “አናሃይምን መርጠህ ነው” ብሎ ቢሞግተኝ ተገቢ ነው። ስለዚህ ሌሎቹንም እንይ።

ለሕዝብ ትራንስፖርት የሚመቸው የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮስ ነው። በ2000 የተከፈተ የምድር ባቡር ጣቢያ ከሥሩ አለ፤ ከጣቢያው እስከ በሩ ድረስ የፓርኩ መኪና በነፃ ያደርሳል። ሎስ አንጀለስ መሐል ያረፈ ቤተሰብ ለዚህ ፓርክ መኪና ቢይዝ ጉዳቱ ለራሱ ነው።

ኦርላንዶ ግን ሌላ ዓለም ነው። በጥቅምት 1971 የተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ከ25,000 ኤከር በላይ የሚሰፋ፣ አራት ፓርኮች ማይሎች ተራርቀው የተቀመጡበት አገር ነው። በዚያ ምርጫው የሚወሰነው በማደሪያው ነው። በዲዝኒ ሆቴሎች ውስጥ ያደረ ሰው አውቶቡሱም፣ ሞኖሬይሉም፣ ጀልባውም፣ ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው ስካይላይነር የተባለው የገመድ ላይ መጓጓዣም በነፃ ያመላልሰዋል። ከውጭ፣ በረከሰ ሆቴል ወይም በዘመድ ቤት ያደረ ሰው ግን መኪና ያስፈልገዋል። ሰንሬይል የተባለው የከተማ ዳርቻ ባቡር ከ2014 ጀምሮ ቢሠራም ወደ ፓርኮቹ አይደርስም። በ2023 ከማያሚ ኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ የገባው ብራይትላይንም እዚያው ያበቃል። ዲዝኒ ከ2005 ጀምሮ ለሆቴል እንግዶቹ ይሰጥ የነበረው ነፃ የአውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ በ2022 መግቢያ ላይ ስለቆመ፣ በድሮ ወሬ ተማምኖ መሄድ አያዋጣም። በፍሎሪዳ መኪና የተከራየ ደግሞ በአካባቢው የክፍያ መንገዶች ብዙ ስለሆኑ፣ ከአከራዩ ዕለታዊ የቶል ጥቅል ይልቅ በኦርላንዶ አውሮፕላን ማረፊያ ለጎብኚ በነፃ የሚሰጠውን የቶል ምልክት ቢጠቀም ይቆጥባል።

ከቤታችን አቅራቢያ ስንመጣ ፌደራል ዌይ የሚገኘው ዋይልድ ዌቭስ አለ። በ1977 የተከፈተ፣ የብዙ ሐበሻ ልጆች የመጀመሪያ የውሃ ጨዋታ ትዝታ ያለበት ቦታ ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2025 ቀላል ባቡሩ ፌደራል ዌይ ሲገባ፣ ከማውንት ቤከር ተነስቶ በአንድ ባቡር እዚያ ከተማ መድረስ ተቻለ፤ ከጣቢያው እስከ ፓርኩ የቀሩት ጥቂት ማይሎች ናቸው። ነገር ግን በዚያው በ2025 የፓርኩ ባለቤቶች ከ2026ቱ የሥራ ወቅት በኋላ እንደሚዘጋ አስታወቁ። ባቡሩን አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቀን፣ ሲደርስ ፓርኩ ሊሄድ ተነሳ። እንግዲህ ልጆቻችን ከዚህ በኋላ የሚጠይቁን የሩቁን ነው፤ የሩቁን ጉዞ አስቦ ማቀድ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

መሪውን የያዘው ሰው

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብና ስለ መንገድ ነው። ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

በሲያትል ታክሲ፣ ሊሙዚን፣ ኡበር፣ የከተማ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ሸትል ከሚነዱት ውስጥ የእኛ ሰው እጅግ ብዙ ነው። ኢንጂነሩም፣ መምህሩም፣ የቀድሞው ሹምም መሪ ይዟል። ይህ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሌላውን ሰው ወደ እረፍቱ ያደርሳል። የእርሱ እረፍት ሲደርስ ደግሞ ምን እንሰጠዋለን? በማያውቀው ከተማ፣ በአምስት ረድፍ ፍሪዌይ ላይ፣ ከኋላ ሦስት ልጅ እየጮኸ፣ ከጎን ስልኩ “ወደ ቀኝ ታጠፍ” እያለ፣ ሌላ መሪ እናስይዘዋለን። አንድ ወዳጄ ከኦርላንዶ እንደተመለሰ “እረፍት እንዴት ነበር?” ብለው “ተሳፋሪዎቹ የራሴ ልጆች ነበሩ እንጂ ሥራው ያው ነው” አለኝ። ስቄ ላልፈው አልቻልኩም።

በሌላ ወገን፣ የሕዝብ ትራንስፖርትም የሚያደክመው ሰው እንዳለ መካድ አይገባም። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ማታ እግሯ ዝሎ፣ የተኛ ልጅ ታቅፋ፣ የታጠፈ ጋሪ ይዛ አውቶቡስ የምትጠብቅ እርሷ ናት። ስለዚህ ምርጫው የማነው ድካም ይቀነስ? የሚል ጥያቄ በውስጡ አለ። መኪና ድካሙን በሾፌሩ ላይ ይጭናል፤ አውቶቡስ ልጅ በያዘው ላይ ይጭናል። ሁለቱንም የሚያሳርፈው ማደሪያን ከፓርኩ በር አጠገብ ማድረግ ነው። የአቅራቢያው ሆቴል በሌሊት ሠላሳና አርባ ዶላር ቢበልጥ እንኳ፣ ከኪራዩ የተረፈው ይከፍለዋል።

ይህ ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። የሐምሌ መጨረሻና የነሐሴ ሽርሽር ከፍልሰታ ጾም ጋር እንደሚገጥም የታወቀ ነው፤ ፈረንጆቹ ነሐሴ 7 ከሚሉት ቀን ጀምሮ ሁለት ሳምንት ይጾማል። ዲዝኒላንድ ከቤት የመጣ ምግብ ይዞ መግባትን ይፈቅዳል፤ የመስታወት ዕቃና የአልኮል መጠጥ ግን ይከለክላል። በእግር የሚመለስበት ክፍል ያለው ቤተሰብ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋን ሸሽቶ፣ ሽሮውን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ይገባል። መኪናውን ሩቅ ያቆመ ሰው ግን አንዴ ከገባ ላለመውጣት ሲል እስከ ሌሊት ይንገላታል።

“ምን ይሉናል?”

ለመሆኑ ይህን ሁሉ እያወቅን ለምን መኪና መከራየት ግዴታ ይመስለናል? በእኔ እምነት አንዱ ምክንያት ይሉኝታ ነው። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከተማው በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ሰፈር ዘመድ ወይም የድሮ ጓደኛ ይጠብቀናል። ከአውቶቡስ ወርደን ብንታይ “ሲያትል አልሆነላቸውም” የምንባል ይመስለናል። ስለዚህ ለአንድ የምሳ ሰዓት መልክ ሲባል ትልቁ ባለ ሰባት ሰው መኪና ለአምስት ቀን ይያዛል።

እኛ ግን ከወዴት ነው የመጣነው? ሶደሬና ላንጋኖ ስንሄድ በመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ወይም ተዋጥተን በያዝነው ኮንትራት ሚኒባስ አልነበረምን? ቁልቢ የሚሄደው ሕዝብ ባቡሩን ሞልቶ፣ አውቶቡሱን ሞልቶ፣ የቀረውን በእግሩ አልነበረምን? በአንበሳ አውቶቡስ ላይ ተጋፍቶ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ትውልድ፣ አሜሪካ በገባ በማግስቱ አውቶቡስን የድህነት ምልክት አደረገው። አዲስ አበባ ራሷ በ2015 ቀላል ባቡር ስትከፍት በፎቶግራፉ ኮርተናል፤ ደጃችን ላይ ያለውን ባቡር ግን ለሌላ ሰው ትተነዋል።

ከዚህ የከፋው ለልጆቻችን የሚተርፈው ነው። ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወልዶ አድጎ፣ በነፃ መሳፈር እየቻለ፣ ካርታ አንብቦ መስመር ቀይሮ መሄድ የማይችል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አውቃለሁ። የሚያውቀው ዓለም ከአባቱ መኪና የኋላ ወንበር የሚታየውን ነው። ሽርሽር ይህን ለማስተማር የተመቸ ጊዜ ነው። ስልኩን ስጡትና “ዛሬ መሪያችን አንተ ነህ፤ ከሆቴል ባቡር ጣቢያ ድረስ አድርሰን” በሉት። ቢሳሳትም ሽርሽር ላይ ነን፤ የሚያመልጠን ሥራ የለም። ያን ቀን የሚያገኘውን መተማመን የትኛውም መጫወቻ አይሰጠውም።

መኪና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ለፍርድ እንዲመች ጉዳዩን ልጠቅልል። ማደሪያው ከፓርኩ ርቆ ከሆነ፤ በአንድ ጉዞ የተራራቁ ብዙ ቦታዎች ከታሰቡ፤ ቤተሰቡ ስድስትና ሰባት ሰው ሆኖ አንድ ታክሲ የማይበቃው ከሆነ፤ አራስ ወይም የታመመ ሰው ካለ፤ መኪና ይያዝ። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ሲኖሩ ግን ነገሩ ሁለት መልክ አለው። መራመድ የሚከብዳቸው ከሆነ መኪና ይመቻል። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ፣ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ የከተማ አውቶቡስና ባቡር መወጣጫ እንዲኖራቸው ስለሚያስገድድ፣ ወንበሩ የማይገባበት ኪራይ መኪና ይዞ ከመቸገር አውቶቡሱ ሊሻል ይችላል።

ማደሪያው በእግር የሚደረስበት ከሆነ፣ ወይም ከፓርኩ ሆቴሎች አንዱ ከሆነ፣ ወይም የባቡር ጣቢያ ከፓርኩ ሥር ካለ፣ መኪናው ለዘመድ ጥየቃው ቀን ብቻ ይበቃል። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት አንድ ወረቀት ወስዶ የጉዞውን ቀናት መዘርዘርና በእያንዳንዱ ቀን ፊት “ዛሬ መኪናው የት ይሄዳል?” ብሎ መጻፍ ነው። መልሱ “የትም” የሚልባቸው ቀናት ከበዙ ውሳኔው ተገኝቷል።

ከወረቀቱ ግርጌ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ይጨመርበት፦ “በዚህ ጉዞ ማን ያርፋል?” የቤተሰቡን ሰው ሁሉ ስም ጽፋችሁ የአባት ወይም የእናት ስም ከጎደለ፣ እቅዱ እንደገና ይታሰብ። ልጆች ካደጉ በኋላ የትኛውን መጫወቻ እንደወጡ ይረሱታል። አባታቸው ከጎናቸው ተቀምጦ በመስኮት አብሯቸው ያየውን ግን የሚረሱት አይመስለኝም።

ቸር እንሰንብት።